ወልዱ እስከ ቅዳሜ ይቆይልን

ሰኞ፣ ነሐሴ ፬

ወልዱ ዛሬም አልሞተም። እግዚአብሔር ይመስገን። እስከ ቅዳሜ ብቻ ይቆይልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሰው ይህን ቢያነብ ምን ያለ አረመኔ ሽማግሌ ነው ይለኛል። ግን ለራሱ ለወልዱም ዛሬ ሰፈሩ ቤት ጊዮርጊስ ድረስ ወጥቼ ይህንኑ ነግሬዋለሁ። አልጋው ላይ እንደታጠበ ሸሚዝ ተዘርግቷል። አንድ ዓይኑን ገለጠና፣

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት?» አለኝ።

«ጠዋት ነው። እኩለ ቀን ላይ ነፃ ነህ።»

«ብቆይልህ ምን ትሰጠኛለህ?»

«ቀብርህ ላይ ስለ አንተ ደግ ደጉን እናገራለሁ።»

«በጾም ልትዋሽ?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ልጁ አዜብ ከጓዳ ብቅ ብላ በዓይኗ ገረፈችኝ። ወልዱ ዕድሜውን ሙሉ የምጽዋን ባቡር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሐኪሞቹ ደረትህን ጉንፋን ይዞታል ብለውታል። ለእኛ የነገሩን ሌላ ነው። እሱም ያውቃል፤ እንደማያውቅ ሆኖ ያሾፍብናል።

የቅዳሜው ጉዳይ ይህ ነው። በፋሲካ ሰሞን፣ እኔ ዱሮ ፊልም አሳይበት በነበረው ሲኒማ፣ በስዕል የተሠራ የልጆች ፊልም መጥቶ ነበር። ልጆቹ ካርቶኒ ይሉታል። ኮከብ ስለዋጠች እንቁራሪት ነው። ሆዷ ያበራል፤ እሷም አትተኛ፣ ጎረቤትም አይተኛ። አራዊቱ በየተራ እየመጡ መላ ይነግሯታል። ንግግሩ ጣልያንኛ ስለሆነ ልጆቹ ግማሹን አልሰሙትም፤ ቢሆንም ከሲኒማው እስከ ሰፈራችን እዳጋ ሓሙስ ድረስ እንደ እንቁራሪት እየዘለሉ ነው የመጡት። ልጄ ለተብርሃን የሙዚቃ አስተማሪ ናት። ፊልሙን ካየች ወዲህ እንቅልፍ የነሳት የእንቁራሪቷ ኮከብ ነው። የራሷን ዜማ አወጣች፤ ለጅቡ፣ ለአህያዋ፣ ለዔሊው። የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ አስጠናች። አሁን ከአዲስ አበባ አቶ መኮንን የሚባል ሰው የድምፅ መቅጃውን ይዞ ይመጣል፤ ሸክላ አሳትማለሁ ብሏል። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ ያው እንደምናውቀው ነው፤ ፈቃድ ሰጪዎቹ ሁለቱም ገጽ አማርኛ ይሁን ብለው ነበር። ለተ ተመላልሳ ተመላልሳ አንዱን ገጽ ለትግርኛ አስለቀቀች። ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው። ጎንደሬዋ ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጽሕፈት ያስተማረችኝ በቋንቋዋ ነው፤ ትግርኛ ለአፌ፣ አማርኛ ለእጄ።

እንቁራሪቷን የምትዘፍነው ጽጌ ናት። የወልዱ የልጅ ልጅ፣ የአዜብ ልጅ። ወላጆቿ ምጽዋ ናቸው፤ ሙቀቱ አልስማማ ስላላት ያሳደጋት ወልዱ ነው። እሱ ሲታመም አዜብ ልታስታምም ወጣች፤ ልጅቷ ደግሞ እኛ ጋ መጣች። ወልዱ ከቅዳሜ በፊት ካረፈ ጽጌ ኃዘንተኛ ናት። ኃዘንተኛ አትዘፍንም። እንቁራሪት ከሌለች ሸክላ የለም፤ አቶ መኮንን እሁድ በአውሮፕላን ይሄዳል።

ወልዱ ሆይ፣ አደራ።

ማክሰኞ

ጭንቀቶቼ፦ የወልዱ ትንፋሽ። የጽጌ ጉሮሮ። ዝናቡ። ቄስ እምባዬ።

ቄሱ ልጆቹ ሲለማመዱ በደጃፋችን አለፉና፣ «በፍልሰታ ዘፈን?» አሉ።

«እንቁራሪት ጾም የላትም፣ አባቴ» አልኳቸው።

«አንተስ?»

«እኔማ እጾማለሁ። ዝም ማለት ብቻ ነው ያቃተኝ።»

ስቀው ሄዱ። አንድ ጭንቀት ተቀነሰ።

ለጽጌ ድምፅ ጥሬ እንቁላል ይበጃል ሲሉ እሰማለሁ። ጾም ነው። ማር ይበጃል ሲባል ለተ ማሩን ለአህያዋና ለጅቡም ስላካፈለችው በአንድ ልምምድ አለቀ። ጅቡ የአቶ ተኽለ ልጅ ነው፤ እንደ አባቱ ከፊቱ ያለውን አያስተርፍም።

ጽጌ ስትዘፍን ግን ያለ ማርም ሌላ ነው። የመጨረሻዋ ዘፈን ላይ እንቁራሪቷ ኮከቡን እሹሩሩ ትለዋለች፤ ከሆዴ አልወጣ ካልክ እንግዲያው ተኛ ትለዋለች። ቀስ ያለች ዜማ ናት። አኮርድዮኑ እንኳ ዝም ይላል። እኔ ይህን ዜማ ስሰማ ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ለተ፣ «ኣቦ፣ ዛሬም ሽንኩርት?» ትለኛለች።

ረቡዕ

ጽጌ አያቷን ልታይ ያዘችኝ።

«ኣቦይ ገብሩ፣ ኣባሓጎይ ጋ ውሰደኝ።»

አዜብ አታምጡብኝ ብላለች። ከስቷል፣ ልጅቷ ትደነግጣለች፣ አይታው መጥታ ትዘፍናለች ወይ ትላለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ለጽጌ ሌላ ነገርኳት። ኣባሓጎሽ ሸክላው ሲታተም ነው የምሰማት ብሎ ጆሮውን በጥጥ ደፍኗል አልኳት።

«ታዲያ ኣደይ ስትጠራው እንዴት ይሰማል?»

«እናትሽ? እናትሽ ስትጠራ ጥጥ ምን ይሠራል፣ ግንብ አያግዳትም።»

ሳቀች። ሳቋን ጨርሳ ግን ትክ ብላ አየችኝ። ይህቺ ልጅ ቀልዴን ትወዳለች፤ ግን እንደ ወልዱ፣ ከቀልዱ ሥር ያለውን ታያለች። ወደ ቧንቧው ሄጄ ያልጎደለ ባልዲ ሞላሁ።

ሓሙስ

ዝናብ፣ በረዶ። አውቶቡሱ ስለዘገየ ቤት ጊዮርጊስ አልወጣሁም። ስለ ወልዱ የሰማሁት ነገር የለም። ክፉ ቢሆን ይነግሩን ነበር እያልኩ ዋልኩ። ሰው ይህን ሲል ደህና አይደለም።

ዓርብ

አቶ መኮንን ገባ። ቀጭን፣ ከረባታም፣ አንድ ነገር ከመናገሩ በፊት ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። መቅጃው እንደ ሙሽራ ሻንጣ በሁለት ሰው ሸክም መጣ። ሲኒማው ውስጥ አጨበጨበ፤ ድምፁን አዳመጠ፤ ወደደው። ግን፣

«ጋሪው፣ ማኪናው፣ የመንገዱ ጫጫታ ይገባብኛል» አለ። «በጎህ ብንጀምርስ?»

«እንዳሉ» አልኩት። አስተባባሪው እኔ ነኝ፤ ወላጆቹን ቤት ለቤት እየዞርኩ የነገርኩ እኔ ነኝ። ዳቦ ቤቱ ማኪናውን አውሶናል፤ ለተ ልጆቹን በመጀመሪያው ዙር ትወስዳለች። ወላጆቹ ከኪዳን ጸሎት መልስ እኛ ቤት ይጠብቃሉ፤ ማኪናው ሲመለስ ከጽጌ ጋር ይሄዳሉ። ጽጌ ትንሽ ትተኛ፣ ድምፅዋ ይረፍ ያልኩትም እኔ ነኝ። «ስትመጡ ድምፃችሁን እንዳልሰማ» አልኳቸው። «ልጅቷን የቀሰቀሰ ከእኔ ጋር ይጣላል።»

ይህን ሁሉ ብልህ ነገር ያሰብኩ እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ወልዱን አየሁት። አልተናገረም። እጄን ይዞ ነበር፤ ይያዘኝ ወይ እጁ ወድቆ እጄ ላይ ይረፍ አላወቅሁም። «ነገ ነው» አልኩት። ቅንድቡን አንቀሳቀሰ። አዜብ እስከ በሩ ሸኘችኝና፣ «ኣቦይ ገብሩ፣ ነገን የሚያይ አይመስለኝም» አለችኝ።

ቅዳሜ

ከየት ልጀምር።

ጓሮ ሆኜ ጢሜን ልላጭ ፊቴን ሳሙና ቀብቻለሁ። የጽጌ ጩኸት ተሰማ።

«ኣባሓጎይ! ኣባሓጎይ!»

ቀጥሎ የሴቶች ልቅሶ። ቀጥሎ የወንዶች። ምላጩን ጥዬ ወጣሁ። ከዘፋኞቹ ልጆች የአንዷ፣ የሰናይት እናት ወይዘሮ ምሕረት መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። አቶ ተኽለ ግንቡን ተደግፎ እንደ በሬ ያገሳል። ጎረቤት በር እየከፈተ፣ ነጠላውን እየሳበ ይመጣል። እኔ ምን አደረግሁ? ወልዱ ሞተ አልኩ፤ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ዓይኔን ያቃጠለኝ ሳሙናው ይሁን ኃዘኑ አላውቅም።

ልቅሶው በረድ ሲል ምሕረትን፣ «ማን መጣ? መቼ ነው ያረፈው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ። እርስዎ አይደሉ የጠሩን?»

«እኔ የጠራኋችሁ ለሸክላው ነው!»

«ታዲያ ልጅቷ ስትጮህ የደረሳት ነገር አለ ብዬ ነዋ።»

ተኽለን ጠየቅኩት። ምሕረት ስትወድቅ አይቼ አለ። ጎረቤቱ የተኽለን ድምፅ ሰምቶ ነው። እኔ ሁሉንም ሰምቼ። ከመካከላችን ከቤት ጊዮርጊስ አንዲት ቃል የሰማ ሰው የለም።

ልጅቷ ግን ምን ታድርግ? መርዶ በእኛ ዘንድ በጎህ ነው የሚነገር። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፍ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ የቤቱ ሰው በሩን ሲከፍት ያያቸዋል፤ ከዚያ በኋላ መናገርም አያስፈልግ። ጽጌ ባዶ እግሯን ወጣች፤ በአግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡበትን ነጠላ እንዳጣፉ፣ ትንፍሽ ሳይሉ አገኘቻቸው። ትንፍሽ እንዳይሉ ደግሞ እኔ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

«አልሞተም፣ ልጄ» አልኳት።

«ትዋሻለህ! አንተ ሁልጊዜ ትዋሻለህ!»

ምን ልበላት? አልሞተም ብዬ እንዳልምል፣ እኔስ በምን አውቄ? ትናንት አዜብ ያለችኝ ጆሮዬ ውስጥ ነው። የዳቦው ማኪና ተመልሶ ሲመጣ ወላጆቹን ትቼ ጽጌን ይዤ ወጣሁ። ሹፌሩን፣ «ቤት ጊዮርጊስ» አልኩት። በመንገድ ላይ እንዳታለቅስ ልለምናት አሰብኩ፤ ጉሮሮሽ እንዳልላት አፈርኩ። ምናልባት ሰውዬው በእውነት ሞቶ ይጠብቀን ይሆናል።

ኬላው ላይ ወታደሮቹ አስቆሙን። አንዱ ለጋ ልጅ ነው፣ የሸዋ ልጅ መሰለኝ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«አንድ ሰውዬ ሞቶ እንደሆነ ልናይ።»

«ልጅቷ ታዲያ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?»

«ቀድማ ጀምራ።»

የኋላውን በር ከፈተ። ባዶ መደርደሪያ። «ዳቦውስ?»

«ዛሬ የጫነው ዘፋኞች ነው።»

አዘነልኝ ወይ ታከተው፣ እለፉ አለን።

አዜብ በር ላይ የታጠበችበትን ውኃ እየደፋች ነበር። እኔን ግማሽ ፊቴ በሳሙና ነጥቶ፣ ልጇን እያለቀሰች አየችን። ሣፋው ከእጇ ወደቀ።

«ባሌ! ባሌ ምን ሆነ?» ብላ ጮኸች።

እንግዲህ ምን ይባላል። አንዱን ሳልጨርስ ሌላ ሰው ልገድል ነበር። «ባልሽ ደህና ነው! አባትሽስ?» አልኳት። አባቷ ውስጥ ትራስ ተደግፎ ሻሂ በማንኪያ ይጠጣል። ከትናንቱ ይሻላል። እኔን አይቶ፣ «ሰዓቱ አልደረሰም እንዴ?» አለ።

ጽጌ ሄዳ ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ጉንጩን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን። ጥጥ እየፈለገች መሰለኝ።

የሆነውን ስነግረው ዓይኑ በራ።

«ማን ማን አለቀሰ?»

«ምሕረት ደረቷን ደቃች።»

«እሷ ለማንም ትደቃለች። ሌላ?»

«ተኽለ።»

«ያ ስስታም? ለእኔ?»

«ከሁሉም ጮክ ብሎ።»

«አንተስ?»

«እኔ ሳሙና ገብቶብኝ ነው።»

ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል፤ አዜብም እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ጽጌን፣ «በይ ያቺን እሹሩሩ አሰሚኝ» አላት። አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ የተሰነጠቀ ዋሽንት። ደግማ ሞከረች።

«በቃ በቃ። በእኔ ላይ ጨረስሽው። ሲመለስልሽ ትመጫለሽ» አላት፤ ወደ እኔም ዞሮ፣ «ምን ትጠብቃለህ፣ ውሰዳት እንጂ!»

ሲኒማው ስንደርስ አህያዋም ጅቡም ጨርሰዋል። አቶ መኮንን ሰዓቱን ያያል። የእንቁራሪቷን ዘፈኖች ሰናይት ዘፈነቻቸው፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ አንድም አልሳተችም፤ ምንም ማለት አልችልም። እሹሩሩዋን ግን ለተ አልሰጥም አለች። ጽጌን አቆመቻት። ጽጌ ዘፈነች፤ ልዝፈን ብላ ነው እንጂ በሹክሹክታ ተናገረች። መሐል ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። አቶ መኮንን ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ፣ «ይህቺን አዲስ አበባ ሄጄ እሰማታለሁ» አለ። የሚጠቀልለውን ሽቦ እያየ ነው ያለው።

ለተ ማታ አላናገረችኝም። ሽንኩርቱን እሷ ከተፈች።

እሁድ

አቶ መኮንን ሄደ። ሸክላው ይወጣል፤ እሹሩሩዋ ትግባ አትግባ አናውቅም። ለተ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ ትላለች። ጻፊ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ፤ ሰዎቹን በጎህ የጠራሁ እኔ።

ትንንሽ ድሎች፦ ወልዱ ሾርባ ጠጣ አሉ። አዜብ ልጅቷን ነገ ከሰዓት በኋላ አምጧት ብላ ላከች፤ ከትናንቱ ወዲህ ምን እደብቃለሁ አለች። የጽጌ ድምፅ ከታች በኩል እየተመለሰ ነው። ሙሉ ቀን ስታንጎራጉር ዋለች። አንዴ ቆም ብላ፣ «ኣቦይ ገብሩ፣ ተኽለ እንዴት ነበር ያለቀሰው?» አለችኝ። አሳየኋት። እንደገና አለችኝ። እንደገና አገሳሁ። ጎረቤት ግንቡን ደበደበ።

ቅዳሜ አለፈ። ውላችን እስከ ቅዳሜ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልለምነው? እስከ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወልዱ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንነጋገራለን።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ አረፈ። አዜብ የላከችው ሰው በሩን ሲያንኳኳ እኔ ተነስቼ ነበር።

መርዶ ነጋሪው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊሆን። ምሕረትን፣ ተኽለን፣ ቄስ እምባዬን ቀሰቀስኩ። ነጠላችንን አጣፍተን እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሌላ ቦታ ልናደርገው አሰብኩ፤ ግቢው ሌላ ቦታ የለውም።

ጽጌ በሩን ከፈተች። አየችን። አንድ በአንድ አየችን።

ሳቀች።

«ደግሞ?» አለች።

ምሕረት ማልቀስ ጀመረች። ጽጌ ሄዳ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «አያልቅሱ፣ ደህና ነው። ትናንት እኮ ሾርባ ጠጥቷል። ከፈለጋችሁ ሄደን እንየው።» ቄሱ ወደ እኔ አዩ። እኔ አፌን ከፈትኩ። «ጽጌ» አልኩ፣ «ጽጌ፣ ልጄ»፤ ከዚያ አላለፍኩም። እሷ ጫማዋን ልታመጣ ገብታለች። እግሯን ዘረጋችልኝ። ሰዎቹ ሁሉ እያዩኝ የጫማዋን ማሰሪያ አሰርኩላት።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ድምፅዋ ተመልሷል። ቀስ አድርጋ፣ ለራሷ፣ እሹሩሩዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነቻት። ከፊት የተቀመጠች ሴትዮ ዘወር ብላ ፈገግ አለችላት። ልነግራት ነው፣ ከዚህ ፌርማታ በኋላ ልነግራት ነው እያልኩ ፌርማታው ሁሉ አለፈ።

ስንወርድ ድንኳኑ ከሩቅ ታየ። ቆመች።

«ኣቦይ ገብሩ፣ ድንኳኑ የማን ነው?»

«የኣባሓጎሽ።»

«እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩ። «አሁን አያውቅም።»

እጇን ከእጄ አላወጣችም። ቀጥ ብላ ሄደች፤ እኔ ነኝ የተጎተትኩት።

ቀበርነው። ደግ ደጉን እናገራለሁ ብዬው ነበር፤ ተናገርኩ፤ አንድም መዋሸት አላስፈለገኝም። ጽጌ ሳታለቅስ ዋለች። ሴቶቹ ታልቅስ፣ ይውጣላት ይላሉ፤ አዜብ ተዉአት ትላለች። እኔ ሁለቱንም አላልኩም። ከጎኗ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ።

ወደ ቤት ብቅ ልበል ብዬ ስነሳ ነጠላዬን ጨብጣ ያዘችው። ወደ እኔ እንኳ አላየችም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቆይቶ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጣቶቿን ላላቅቅ ሞከርኩ፣ አልለቅም አሉ። ነጠላውን ትቼላት መጣሁ።

ዝናቡ አባርቷል፤ ግን ይበርዳል።